«አንድ ዓይነት» እና «በየዓይነቱ»

አንድ ተማሪ ስለ አንድ ልቦለድ ሂስ ሲጽፍ «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ዓይነት ሐዘን አለ» ቢል ምን ማለቱ ነው? በአማርኛ አፉን የፈታ አንባቢ መጀመሪያ የሚረዳው፣ ሐዘኑ ከመጽሐፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የማይለወጥ፣ ያው በያው መሆኑን ነው። በአማርኛ «አንድ ዓይነት» ማለት የማይለይ፣ ተመሳሳይ ማለት ነውና። እኅትማማቾቹ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለበሱ ስንል ቀሚሶቹ አይለያዩም ማለታችን ነው። የሂሱ ጸሐፊ ግን ይህን አላሰበም። በልቡ የነበረው የእንግሊዝኛው «ኤ ካይንድ ኦፍ» ነው። ይኸውም ስሙ በትክክል የማይታወቅ፣ ሐዘን የሚመስል ስሜት አለ ለማለት ነው። እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ አንዱን አንባቢ ነቀፋ፣ ሌላውን ምስጋና ያስነብባል። ደራሲው ራሱ ሂሱን ቢያገኘው ይሰደብ ወይ ይመስገን አያውቅም።

ነገሩ የአንድ ቃል ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ የዚህን መጽሔት ወረቀት ባልፈጀሁበት ነበር። «ዓይነት» ግን ተራ ቃል አይደለም። ነገሮችን የምንመድብበት፣ ሰውንም መጽሐፍንም ከሌላው የምንለይበት መሣሪያ ነው። መሣሪያው ከተበላሸ የሚበላሸው ሰዋስው ብቻ አይሆንም፣ ፍርዳችንም አብሮ ይበላሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ መሣሪያ በእኛ በተማሪዎች እጅ በሁለት በኩል ይሳባል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ላይ ባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የላቦራቶሪ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ወሬውና ሂሱ ግን በአማርኛ ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች አንድ አንጎል ሲሸከማቸው «ካይንድ» ከ«ዓይነት» ጋር ይቀላቀላል፤ ያኔ ሁለቱም ይበላሻሉ።

በመጀመሪያ እንግሊዝኛውን እንይ። «ካይንድ» የሚቆጠር ስም ነው። ዓይነቱ አንድ ከሆነ «ዚስ ካይንድ ኦፍ» ይባላል። ከአንድ በላይ ከሆነ «ዚዝ ካይንድስ ኦፍ» ነው። በሪፖርቶች ውስጥ ዘወትር የሚታየው ግን ከሁለቱም ያልሆነው «ዚዝ ካይንድ ኦፍ» ነው። አመልካቹ ብዙ፣ ስሙ ነጠላ! ለምን ይህ ይሆናል? የጸሐፊው ሐሳብ ያለው ከኋላ በሚመጡት ብዙ ነገሮች ላይ ስለሆነ ነው። ስለ ብዙ ፓምፖች እያሰበ፣ በመካከል ያለችውን «ካይንድ» ዘሎ አመልካቹን ከፓምፖቹ ጋር ያስማማዋል።

ይህን ስል ግን ስሕተቱ የእኛ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። እንግሊዞቹም ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ይናገራሉ። በሼክስፒር «ኪንግ ሊር» ተውኔት ውስጥ አንዱ መስፍን ይህንኑ የተቀላቀለ አነጋገር ይጠቀማል። ስለዚህ በአፍ ሲነገር ሰምቶ መሳቅ አላዋቂነት ነው። ለፈተና፣ ለሪፖርትና ለኅትመት ሲጻፍ ግን መምህሩም አራሚውም ቀይ መስመር ያሰምሩበታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «ስንት ዓይነት?» ብሎ ራስን መጠየቅ። መልሱ አንድ ከሆነ ሁሉም ነጠላ ይሆናል፤ «ዚስ ካይንድ ኦፍ ፓምፕ ኢዝ» እንደማለት። መልሱ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ «ዚዝ ካይንድስ ኦፍ ፓምፕስ አር» ይሆናል። ግሡ የሚታዘዘው ለ«ካይንድ» ነው፣ ከ«ኦፍ» በኋላ ለሚመጣው አይደለም። ለ«ታይፕ»ና ለ«ሶርት»ም ሕጉ ያው ነው። «ስፒሺስ» ግን ጉደኛ ነው፤ አንድም ይሁን መቶ መልኩ አይለወጥም። መጨረሻው የብዙ ምልክት መስሏቸው «ስፒሺ» ብለው የሚቆርጡት አሉ፤ በዚህ ትርጉም እንዲህ የሚባል ቃል የለም። አንድ ነገር ልጨምር። ከቅጽል ወይም ከግሥ በፊት የሚገባው «ካይንድ ኦፍ» ትርጉሙ «ትንሽ፣ መሰል» ነው። ይህ የጓደኛ ጨዋታ ነው። «ብረቱ ካይንድ ኦፍ ሞቋል» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ መሐንዲስ ድልድይ ባይሠራ ይሻላል።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። አማርኛ ቁጥር ከተነገረ በስም ላይ የብዙ ምልክት ደርቦ ለመጫን አይቸኩልም። ነጋዴው «ሦስት ዓይነት ጨርቅ አለኝ» ይላል። «ሦስት» አለ፣ በቃ! «ዓይነት»ም «ጨርቅ»ም ባሉበት ይቆማሉ። «ሦስት ዓይነቶች ጨርቆች አሉኝ» የሚል ነጋዴ በአቃቂ ገበያ ቢገኝ ገዢው ከሌላ አገር የመጣ ይመስለዋል። «ስሪ ካይንድ ኦፍ» ብሎ የሚጽፈው ተማሪም ከስንፍና ሳይሆን ከዚህ ከአማርኛ ጠባይ ተነሥቶ ነው። ተቃራኒውም አለ። ከእንግሊዝኛ እየገለበጡ «እነዚህ ዓይነቶች የሆኑ ችግሮች» የሚሉ ጽሑፎች በዝተዋል። «የዚህ ዓይነት ችግር» ቢባል ምን ይጎድላል? ምንም።

«ዓይነቶች» የተከለከለ ቃል ነው ማለቴ አይደለም። ስለ ዓይነቶቹ ስለራሳቸው ሲነገር ቦታው ነው። «የአፈር ዓይነቶች» ብሎ ርዕስ መስጠት ትክክል ነው። በዚህ ርዕስ ሥር የአካባቢያችን ዋልካ ይመጣል፤ ያ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ የቤት መሠረት የሚያናጋው ጥቁር አፈር። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ዓይነቱን ሳይለይ መሠረት ቢያወጣ ግድግዳው ራሱ ይመሰክርበታል።

አማርኛ ብዙ ዓይነትን የሚገልጽበት የራሱ መንገድም አለው፤ እርሱም «በየዓይነቱ» ነው። ጾም በገባ ቁጥር ምግብ ቤት ገብተን የምንጠራው ይህንኑ ነው። በአንድ እንጀራ ላይ ሽሮው፣ ምስር ወጡ፣ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ቀይ ሥሩ ይቀርባሉ። ሁሉም በአንድ እንጀራ ላይ ናቸው፣ ነገር ግን ሽሮው ሽሮ፣ ጎመኑም ጎመን ሆኖ ይቆያል። ቃሉን ብንፈታው «በየ» እና «ዓይነቱ» ነው። ነጠላው ስም ነጠላ እንደሆነ ሳለ፣ «በየ» ነጥሎ ነጥሎ ይቆጥረዋል። «ዓይነቶች» ጅምላ ያደርጋል፤ «በየዓይነቱ» ግን አንድ በአንድ ያስቆጥራል። በእኔ አስተያየት አማርኛ ለምደባ ካወጣቸው ቃላት ሁሉ የበለጠ አስተዋይ የሆነው ይህ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል የሚተካውም አይመስለኝም።

ሁለቱ ቋንቋዎች እጅ ለእጅ የሚያያዙበት ቦታም አለ። ገበሬው ግብሩን በማር፣ በእህል፣ በከብት ሲከፍል «በዓይነት ከፈለ» ይባላል። እንግሊዝኛውም በዚሁ ትርጉም «ኢን ካይንድ» ይለዋል። እርዳታ በገንዘብና በዓይነት ይሰጣል፤ የንግድ ሕጉም የማኅበር መዋጮ በገንዘብ ወይም በዓይነት ይሁን ይላል። እዚህ ላይ ተርጓሚው አይደክምም።

ሥራቸው እንዲህ ቢገናኝም የቃላቱ መነሻ ግን ይለያያል። የእንግሊዝኛው «ካይንድ» ዘመድና ወገን ከሚለው «ኪን» ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው፤ ዓይነትን ከልደት ይቆጥራል። የአቃቂ ልጅ ይህ አይገርመውም፤ በየጎረቤቱ በሚሰማው ኦሮምኛ «ጎሳ» የሚለው ቃል ዓይነትም ነው፣ የዘር ወገንም ነው። የአማርኛውን «ዓይነት» ግን ጆሯችን ከ«ዓይን» አጠገብ ያስቀምጠዋል። እንግዲህ አንዱ ቃል «ከማን ተወለደ?» ሲል፣ ሌላው «ምን ሆኖ ታየ?» የሚል ይመስላል። እኔ የማደላው ለሁለተኛው ጥያቄ ነው። ለሃያሲ ደግሞ ከዚህ ሌላ ጥያቄ የለውም፤ ሥራው ማየት ነውና።

ምደባ ቀልድ አለመሆኑን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፣ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ ብቅ ማለት ይበቃል። ዕቃ ሲገባ የሚጠየቀው «ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «የትኛው ዓይነት?» ጭምር ነው። ቀረጡ በዚያ ይወሰናልና። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበት ሃርሞናይዝድ ሲስተም የሚባለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ በ21 ክፍሎችና በ97 ምዕራፎች የተደራጀ ነው። ሸሚዝ እንውሰድ። እንደ ሹራብ የተሠራ ጨርቅ ከሆነ ምዕራፍ 61 ይገባል። በሽመና የተሠራ ከሆነ ምዕራፍ 62 ነው። ተለብሶ ያረጀ፣ በቦንዳ ታስሮ የመጣ ሳልባጅ ከሆነ ደግሞ ምዕራፍ 63 ይወርዳል። ለባሹ ሦስቱንም «ሸሚዝ» ይላቸዋል። መዳቢው ግን እንዴት ተሠራ፣ በምን ሁኔታ ላይ አለ ብሎ ይጠይቃል። «አንድ ዓይነት ሸሚዝ ነው» ብሎ ዲክላራሲዮን የሚሞላ አስመጪ አይኖርም፤ ቢኖር ኪሱ ይማርበታል። በዚህ አመዳደብ ውስጥ እኔን የሚያስደስተኝ ሌላ ነገር አለ፦ ምዕራፍ 77 ባዶ ነው። ወደፊት ለሚያስፈልግ ነገር ብለው ክፍት ትተውታል። ጥሩ መዳቢ፣ ያላየው ነገር ሊመጣ እንደሚችል ያውቃል ማለት ነው።

የእኛው የቅኔ ቤትም ከጉምሩክ ያነሰ ጥንቃቄ የለውም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ መወድስ ስምንት። ተማሪው ቅኔውን ሲያቀርብ ዓይነቱ በስሙ ይታወቃል፣ ቤቱም ይቆጠራል። «መወድስ ዓይነት ነገር ነው» ብሎ የሚቀርብ ሰው መምህሩ ፊት ብዙ አይቆይም። ይህን ያህል ጥንቁቅ ምደባ ካለው ባህል የወጣን ሰዎች፣ ስለ ዘመናዊ ግጥም ስንጽፍ «ዓይነት ነገር» ላይ መውደቃችን ያሳዝናል። «ተምሳሌታዊ ዓይነት»፣ «ፍልስፍና ዓይነት ነገር»፣ «እንዲህ ዓይነት ስሜት የሚሰጥ»! ምን ዓይነት? መልስ የለም። ቃሉ የሚለይ መሆን ሲገባው መደበቂያ ሆነ። ሃያሲው ያላየውን ነገር ያየ የሚመስለው በዚህች ቃል ሽፋን ነው።

በሂስ ዓለም የዚህ ቃል ትልቁ ፈተና «ዓይነተኛ» ነው። ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1888 ለደራሲዋ ማርግሬት ሃርክነስ በጻፈው ደብዳቤ፣ እውነታዊ ድርሰት ከዝርዝሩ እውነተኛነት ሌላ፣ ዓይነተኛ ገጸ ባሕርያትን በዓይነተኛ ሁኔታዎች ውስጥ ማሳየት አለበት የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ይህ ሐሳብ በአገራችንም በሰፊው ተዛመተ። ሐሳቡ ራሱ ጥልቅ ነው፤ አንድ ሰው ራሱን ሆኖ ሳለ የብዙዎች ዕጣ እንዴት እንደሚታይበት ያስጠይቃል። አጠቃቀሙ ግን ሁለት ችግር አመጣ። አንደኛ፣ በአማርኛ «ዓይነተኛ» ዋና ማለትም ስለሆነ፣ አንባቢው ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚነገር መሰለው። ሁለተኛውና የከፋው፣ «ዓይነተኛ»ን «አንድ ዓይነት» አድርጎ መረዳት መጣ። ከበርቴው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ገበሬው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ላብ አደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት! ድርሰቱ በሰው ፈንታ ማኅተም ይዞ ቀረበ።

እስቲ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አስቡት። ጉዱ ካሣ የየትኛው ዓይነት ሰው ነው? ከባላባቱ ወገን ሆኖ የባላባቱን ሥርዓት ይተቻል። በአገሩ ሰዎች መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሚገባበት ቦታ አልነበረም፤ ስለዚህ «ጉዱ» አሉት። «ጉድ» የሚባለው መደብ ያልተገኘለት ነገር ነው። እንግዲህ የዚያ ኅብረተሰብ ምዕራፍ 77 ጉዱ ካሣ ነው ቢባል አልተጋነነም። ልዩነቱ፣ ጉምሩክ ባዶውን ቦታ አስቀድሞ አዘጋጀ፤ ያ ኅብረተሰብ ግን ባዶ ቦታ ስላልነበረው ሰውየውን እብድ አለው። የልቦለዱን ኃይል ብንመረምር ከብዙ ምንጮቹ አንዱ ይህ ነው፤ ደራሲው የሰዎቹ ምደባ የማይበቃበትን ሰው አሳየን። ጉዱ ካሣን «ተራማጅ ዓይነት» ብሎ የሚያልፍ ሃያሲ፣ «ጉዱ» ካሉት የአገሩ ሰዎች የተለየ ሥራ አልሠራም። እነርሱ የስድብ ስም ለጠፉ፣ እርሱ የምስጋና ስም ለጠፈ፤ መለጠፉ ግን ያው ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር «ከመጽሐፍና ከሰዋስው ውጭ ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። እንግዲያውስ ከራሳችን ደጅ እንጀምር። ለብዙ ዓመታት በዚህ አካባቢ በነበረው ወህኒ ቤት የተነሣ፣ በከተማው አፍ «ቃሊቲ ወረደ» ማለት ታሰረ ማለት ሆነ። የሰፈር ስም የሰው ዓይነት ማመልከቻ ሆነ። እዚሁ ግን የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ሠራተኛ በፈረቃ ሲወጣና ሲገባ ኖሯል። የአዲስ አበባን ሕዝብ የሚያጠጡ ጥልቅ ጉድጓዶች እዚሁ አቃቂ ተቆፍረዋል። የባቡሩ ሐዲድ አልፎበታል፣ ጤፍ ተዘርቶበታል፣ ቅዳሜ ገበያ ቆሞበታል፣ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶበታል። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ሲጠቀለል «አንድ ዓይነት» ይባላል፤ ትክክለኛው ስም ግን «በየዓይነቱ» ነው።

«እነዚህ ዓይነት ሰዎች» የሚለው አነጋገርም ከዚህ ይመጣል። ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ያው «ዚዝ ካይንድ ኦፍ» ነው፣ አማርኛ ለብሶ። እንደ እንግሊዝኛው ሁሉ አመልካቹ ዓይነቱን ዘሎ ሰዎቹ ላይ ይወድቃል። «የዚህ ዓይነት ሰው» የሚል ሰው ቢያንስ ዓይነቱ ምን እንደሆነ የመናገር ዕዳ አለበት፤ «የዚህ» የቱ ነው ተብሎ ይጠየቃል። «እነዚህ ዓይነት ሰዎች» የሚለው ግን ጣቱን ሰዎቹ ላይ ቀስሮ ያበቃል። በአገራችን እንዲህ የተቀሰረ ጣት ምን ያህል ጉዳት እንዳመጣ መዘርዘር አያስፈልገኝም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በአንድ የመደብ ስም፣ በአንድ የድርጅት ስም ሰው ተገድሏል። ከዚያ ወዲህም በሌላ የምደባ ስም ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። የሞተውና የተፈናቀለው ግን መደቡ አልነበረም፣ ስምና እናት ያለው ሰው ነበር።

ሰዋስው ሰው አያድንም፤ ይህን አውቃለሁ። «ካይንድ» ላይ የብዙ ምልክቷን ያልዘነጋ ሁሉ ደግ ሰው ነው ማለትም አይደለም። ነገር ግን «ስንት ዓይነት? ምኑስ ነው አንድ የሚያደርጋቸው?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ አንድ ልማድ ነው። ሪፖርት ላይ የለመደው፣ ሂስ ላይ ይረዳዋል። ሂስ ላይ የለመደው ደግሞ ስለ ሰው ሲፈርድ ትንሽ ያዘገየዋል። ያቺ ትንሽ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለችም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ጽሑፍ ለምታቀርቡ ጓደኞቼ አንድ ልመና አለኝ። «አንድ ዓይነት» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ብዕሩን ከማንሣታችሁ በፊት ቆም በሉ። ተመሳሳይ ማለታችሁ ከሆነ ይቀመጥ። ስሙን ያላገኛችሁለት ነገር ከሆነ ግን ሰርዙትና ያያችሁትን ጻፉ፤ ሐዘኑ የቀብር ማግስት ሐዘን ነው ወይስ የተበደለ ሰው ቂም? ረዘመ ብላችሁ አትፍሩ። አንባቢ ያየውን ሰው እንጂ የገመተውን ሰው ለማንበብ ጊዜ የለውም።